ሐኪሙን የሚያሳድገው ሰፈሩ ነው
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በጤና ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



 በዚህ የጦርነትና የስደት ዘመን ድንኳን ተክሎ በዓል ማክበር ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚል በኮሚቴው ውስጥ ብዙ ተከራክረን ነበር። ክርክሩን የፈቱት አንዲት እናታችን ናቸው። «ሰው የሚሰበሰበው ለለቅሶ ብቻ ከሆነ፣ እነዚህ ልጆች ማኅበር ማለት ዕድር ብቻ ነው ብለው ያድጋሉ» አሉን። በዚህም ምክንያት ዛሬ እዚህ ተገናኝተናል።

የጤና ንዑስ ኮሚቴው በየስብሰባው የሚያቀርበውን ሪፖርት ታውቁታላችሁ። ስንት ሕመምተኛ ሆስፒታል አደረስን፣ ለመድኃኒት ስንት ተዋጣ፣ ስንቱን ወገናችንን በክብር ቀበርን የሚል ነው። ዛሬ ግን ሪፖርቱን ለጊዜው አቆይተን ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ልናነጋግራችሁ ፈልገናል። እሱም በሰፈራችን ጤና ጣቢያ እየሠለጠኑ ስላሉት፣ ሱዳኖች «ጠቢብ ኡስራ» ስለሚሏቸው፣ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ሐኪም ስለምንላቸው ወጣቶች ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ነገሩን ያነሣነው ከእኛው ቤት በወጣ ቅሬታ ነው። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ ጤና ጣቢያ ሄደው ወጣት ሐኪም ሲቀበላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ተርተው የተመለሱም አሉ። አንዲት አዛውንት እናታችን ምርመራውን ልትጀምር የቀረበችውን ወጣት ሐኪም እጇን ይዘው «ልጄ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ትልቁን ሐኪም ጥሪልኝ» ብለዋታል። ሐኪሟ አማርኛ አታውቅም፤ ትርጉሙ ግን ከፊታቸው ገብቷት ኖሮ ፈገግ ብላ «ሐዲር ያ ኡሚ» አለችና አስተማሪዋን ጠራች። አዛውንቷን አንወቅሳቸውም። ሕመምተኛ ልምድ ያለው ሐኪም መፈለጉ መብቱ ነው። ይሁን እንጂ ሁላችንም «ትልቁን ጥሩ» ካልን፣ ትልቁ ሲደክምና ሲያልፍ ማን ይተካል? ዛሬ የምንጠይቃችሁ ይህን ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው ሐኪም የሚሠለጥነው በትልቅ ሆስፒታል ነው። ይሁንና በ1961 ኬር ዋይት የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው አንድ ቀላል ስሌት አቅርበው ነበር። ከ1,000 አዋቂ ሰዎች መካከል በአንድ ወር ውስጥ 750 ያህሉ የሆነ ሕመም ይሰማቸዋል። ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት 250 ናቸው። ሆስፒታል የሚተኙት 9 ሲሆኑ፣ ሐኪሞች ወደሚማሩበት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ወጣቱ ሐኪም ትምህርቱን የሚማረው በዚያ በአንዱ ሰው አልጋ ዙሪያ ነው። ቀሪዎቹ 249 ሐኪም ፈላጊዎች ምን እንደሚመስሉ፣ ሕመማቸው ገና ሲጀምር እንዴት እንደሚለይ የሚማረው መቼ ነው? መልሱ አጭር ነው፤ ሰፈር ውስጥ ካልሠለጠነ አይማረውም። ስሌቱ የአሜሪካና የእንግሊዝ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለገዳሪፍም ይሠራል። እንዲያውም እዚህ ይብሳል፤ እኛ ዘንድ ሕመሙን ቤቱ ይዞ የሚቀመጠው ሰው እጅግ ብዙ ነውና።

ይህን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎንደር ገጠር ለሥራ የመጣ ወጣት በግንቦት ለምንጣሮ ገብቶ፣ ለአረሙም ለሰሊጥ አጨዳውም ቆየ። በጥቅምት ትኩሳት ያዘው። ስማቸውን በማንጠቅሳቸው የሕክምና ቦታዎች ሦስት ጊዜ ለወባ ታከመ። ሦስት ጊዜም ተሽሎኛል ብሎ ወደ እርሻው ተመለሰ። ወደ እኛ ሲያመጡት ሰውነቱ ከስቶ፣ ሆዱ ግን ተነፍቶ ነበር። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የተቀበለችው ከሠልጣኞቹ አንዷ ነበረች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ያምሃል?» አልነበረም፤ «የት ነበር የምታድረው?» ብላ ጠየቀችው። ተርጓሚያችን ለወጣቱ ነገረው፤ ወጣቱም በዋልካው እርሻ ዳር፣ በጠልህ ዛፍ ሥር፣ ያለ አጎበር እንደሚያድር መለሰ። ከዚያ አስተኝታ ሆዱን በእጇ ዳሰሰች። ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዶ ነበር። አስተማሪዋን ጠራች፤ ምርመራው ታዘዘ፤ ካላዛር ሆነ።

ገዳሪፍ በሱዳን ካላዛር ከሚበዛባቸው አካባቢዎች ዋነኛው ነው። ከድንበሩ ማዶ ያሉት መተማና ሁመራም እንዲሁ ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትመቸው በተሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ አፈርና በጠልህ ዛፍ አካባቢ ነው። የምትበዛውም ከዝናቡ በፊት ባሉት የበጋ መጨረሻ ወራት ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ ሰውየው ያን ጊዜ ሌላ ሥራ፣ ምናልባትም ሌላ አገር ላይ ነው። ሕክምና ካላገኘ በአብዛኛው ይገድላል። በጊዜ ከተገኘ ግን ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው የሁለት መድኃኒቶች ጥምረት የ30 ቀኑን መርፌ ወደ 17 ቀን አሳጥሮታል።

«ወባ ነው» ብሎ ማለፍ ምን ያህል ውድ እንደሚያስከፍል በአማራ ክልል ሊቦ ከምከም ታይቷል። ካላዛር በማይታወቅበት በዚያ ደጋ አካባቢ ሕዝቡ በትኩሳት ሲያልቅ፣ መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታሰበ። በ2005 ሲጣራ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታውን ከቆላው ይዘው የተመለሱት የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረም ይታመናል። ስለዚህ አንድ የገዳሪፍ ሐኪም «የት ነበር የምታድረው?» ብሎ መጠየቁ በሊቦ ከምከም ያለችውንም እናት ይመለከታል ማለት ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ወጣቱ ተፈወሰና ሥራ ጀመረ። ከወራት በኋላ ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣበት። ብጉር ነው ብሎ ሊተወው ሲል ያቺው ሐኪም በቀጠሮው አየችው። በሱዳን ከካላዛር የታከሙ ብዙ ሰዎች ላይ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽፍታ ይወጣል። ሽፍታው ያለበት ሰው ለአሸዋ ዝንቧ የበሽታው ምንጭ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያየው አልጋ ላይ ያከመው ሆስፒታል ላይሆን ይችላል፤ ሕመምተኛው ሲድን ይሰናበታልና። የሚያየው ሰውየውን በስሙ የሚያውቀውና «ተመልሰህ ና» ያለው ሐኪም ነው። የቤተሰብ ሐኪም ማለት ይህ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በ1953 በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ሦስቱም በቡድን ሆነው ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ይወጡና ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ ይማሩ ነበር። ሽንት ቤት ያስቆፍራሉ፣ ምንጭ ያጸዳሉ፣ ያዋልዳሉ፣ ያክማሉ። ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፉት ጤና መኮንኑ በበቅሎ መንደራቸው ሲመጣ ያስታውሳሉ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ማሠልጠኛ ነው። በ2013 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ከፍቶ በ2016 የመጀመሪያዎቹን አስመርቋል።

በዚህ በሱዳን በኩልም የጀዚራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተማሪዎቹን ወደ መንደር እየላከ በማስተማር ታውቋል። በ2010 በጀዚራ የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ሥልጠና ከ200 የሚበልጡ ሐኪሞችን መዝግቦ ነበር። ሐኪሞቹ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ እየሠሩ፣ መምህራኑን በኢንተርኔት እያማከሩ ይማሩ ነበር። ትምህርት ቤት ለመግባት ሕመምተኛውን ጥለው መሄድ አላስፈለጋቸውም። እኛ የምንኖረው በእነዚህ በሁለቱ፣ በጎንደርና በወድ መደኒ መካከል ነው። ከሁለቱም ወገን የወረስነው አንድ ትምህርት አለ፤ ሐኪሙን ወደ ሕዝቡ ወስደህ አሠልጥነው የሚል ነው።

አሁን ደግሞ በጤና ጣቢያው ውስጥ ያየነውን እንንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን «ልጆቹ በእኛ ላይ ይለማመዳሉ» የሚል ሥጋት አለንና። ሠልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአስተማሪው አጠገብ ተቀምጦ ያያል፣ ይሰማል። ቀጥሎ እሱ ይመረምራል፣ አስተማሪው ያያል። ከዚያ በኋላ ብቻውን ይመረምርና ሕመምተኛው ከመውጣቱ በፊት ያገኘውንና ያሰበውን ለአስተማሪው ይናገራል። ማዘዣው ላይ የሚፈርመው አስተማሪው ነው። ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ የቀኑን ካርዶች አንድ በአንድ ያነሣሉ። «ይችን ሴት ስኳር እንዳለባት ስለ ምን ጠረጠርክ? ባሏስ? ልጆቿስ?» እየተባለ ይጠየቃል። ለአንድ ቤተሰብ እስከ ሦስት ትውልድ የሚወርድ የዘር ሐረግ ይስላሉ፤ ማን በግፊት፣ ማን በስኳር፣ ማን በወሊድ እንደሞተ ይጽፉበታል። እኛ ለውርስና ለጋብቻ የምንቆጥረውን የዘር ሐረግ እነሱ ለጤና ይቆጥሩታል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ በየቤቱ ይሄዳሉ።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ወጣቱ ሐኪም ለአንድ ሕመምተኛ ረጅም ጊዜ የሚሰጠው ገና ስለሚማር ነው። በዚያም ላይ ሁለት ሐኪም ያየን እኛ ነን። ወረፋው መርዘሙ እርግጥ ነው። ግን ከችኩል ምርመራና ከዘገየ ምርመራ የትኛው እንደሚሻል ከላይ የነገርናችሁ ወጣት ሊነግራችሁ ይችላል።

እዚህ ላይ የእኛ ድርሻ ይመጣል። ሐኪሞቹ ዓረብኛ ይናገራሉ፤ ብዙዎቹ አዲስ መጤ ወገኖቻችን ግን አይችሉም። አንድ ጊዜ አንድ አባታችን «ምች መታኝ» ብለው ነበር። በጎ ፈቃደኛ ተርጓሚያችን ምች ከፀሐይ ጋር እንደሚያያዝ አስቦ «ደርበት ሸምስ» አለው። ሐኪሙም ፀሐይ የመታው ሰው መስሎት ጥላ ቦታ እንዲያርፉና ብዙ ውሃ እንዲጠጡ መከራቸው። አባታችን ግን ለሦስት ቀን ትኩሳት ነበራቸው፤ ዳማከሴ አሽተው ጠጥተዋል፤ ከንፈራቸውም ፈንድቷል። ስሕተቱ በማግስቱ ተገኝቶ ምርመራ ተደረገላቸው። ከዚያ ወዲህ ምች፣ ውጋት፣ መጋኛ፣ ቁርጥማት፣ «ልቤን አቃጠለኝ» የሚሉትን አባባሎች ከነትርጉማቸው በዓረብኛ ጽፈን ለጤና ጣቢያው ሰጥተናል። ሠልጣኞቹ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ከንዑስ ኮሚቴው ሥራ ሁሉ የምንኮራበት ይህ አንድ ወረቀት ነው።

ከዚህ የባሰም አይተናል። የአሥር ዓመት ልጅ እናቷ ስለ ማሕፀኗ የምትናገረውን እንድትተረጉም ተደርጋ ነበር። እናት በልጇ ፊት አፍራ ግማሹን ዋጠችው። ልጅቷም የሰማችውን ግማሽ ዋጠችው። ሐኪሙ ዘንድ የደረሰው ከሩብ አይበልጥም። ያቺ ልጅ ዛሬ አድጋለች፤ ዓረብኛዋ ከማናችንም ይበልጣል፤ ለማስተርጐም ስንጠራት ግን እስከ ዛሬ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ትለናለች። ልጆቻችን ቋንቋ ስላወቁ ብቻ የቤተሰቡን ሁሉ ሸክም እንዲሸከሙ ማድረግ የለብንም።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ ይህን ሁሉ ዛሬ የምናነሣው ጊዜው ስለከፋ ነው። በ1980ዎቹ ረሃብ ጊዜ ወገኖቻችንን ያስጠለለው የኡም ራኩባ ካምፕ በኅዳር 2020 እንደገና ሲከፈት፣ ከተሰደዱት መካከል የነበሩ ሐኪሞችና ነርሶች እነሱም ስደተኞች ሆነው ሳለ ወገናቸውን ሲያክሙ አይተናል። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ተፈናቃዩ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። ከእኛም ብዙዎች በገላባትና በመተማ አድርገው ወደ አገር ቤት ተመለሱ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር እዚሁ ገዳሪፍ ላይ የኮሌራ ወረርሽኝ ታወጀ። በታኅሣሥ ጦርነቱ ወድ መደኒ ደርሶ መምህራኑም ተማሪዎቹም ተበታተኑ። ልምድ ያላቸው ብዙ ሐኪሞች አገር ጥለው ወጥተዋል። የቀሩት ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ «ትልቁን ሐኪም ጥሩልን» ስንል፣ ትልቁ ዛሬ ሪያድ ወይም ካይሮ ሊሆን እንደሚችል እንወቅ። ትልቅ ሐኪም ከፈለግን፣ እዚህ ያለውን ወጣት እኛው ማሳደግ አለብን።

በመሆኑም ከየቤተሰቡ አራት ነገሮችን እንለምናለን።

አንደኛ፣ ሠልጣኝ ሐኪም ሊያያችሁ ሲጠይቃችሁ ፍቀዱለት። አልፈልግም የማለት መብታችሁ የተጠበቀ ነው፤ ማንም አያስገድዳችሁም፣ ሕክምናችሁም አይቀነስም። ግን እምቢታችሁ ከፍርሃት ብቻ የመጣ ከሆነ አንድ ጊዜ ሞክሩት።

ሁለተኛ፣ የሕክምና ካርዳችሁን እንደ መታወቂያችሁ ጠብቁ። ወደ መተማ ወይም ወደ ጎንደር ስትሄዱም ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ የተሰጣችሁንም ወረቀት መልሳችሁ አምጡ። በሽታ የድንበር ኬላ አያግደውም፤ ወረቀታችንም ሊያግደው አይገባም።

ሦስተኛ፣ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩ። ጠበል ሄዳችሁ ከሆነ፣ ፈቂህ ዘንድ ደርሳችሁ ከሆነ፣ የአገር መድኃኒት ጠጥታችሁ ከሆነ፣ የት አድራችሁ እንደነበር ጭምር ተናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

አራተኛ፣ ሁለቱን ቋንቋዎች የምትችሉ አዋቂዎች፣ በተለይም እናቶች፣ በወር አንድ ቀን ለማስተርጐም ስማችሁን ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት በር ላይ ባለው መዝገብ አስመዝግቡ። ከልጆቻችን ጫንቃ ላይ ይህን ሸክም የምናወርደው እናንተ ስትገኙ ብቻ ነው።

ወጣቶቻችን ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ሕክምና የምታጠኑና ልታጠኑ የምታስቡ እንዳላችሁ እናውቃለን። ቀዶ ሐኪም ወይም የልብ ሐኪም ብትሆኑ ደስ ይለናል፣ እንመርቃችኋለንም። ሆኖም አማርኛውንም ዓረብኛውንም የሚሰማ፣ ምችንም ካላዛርንም የሚያውቅ፣ የአያትን ግፊትና የልጅ ልጅን ክትባት በአንድ ካርድ ላይ የሚጽፍ ሐኪም ለዚህ ድንበር ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። በደመወዝም በስምም ብዙ ላይከበር እንደሚችል አንደብቃችሁም። ስሙን የሚጠራው ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው።

በመጨረሻ ስለ እኒያ አዛውንት እናታችን አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። ዛሬም እዚሁ በመካከላችን አሉ፤ ፈቃዳቸውንም ጠይቀናል። ለግፊታቸው ክትትል ሲመላለሱ ከዚያች ወጣት ሐኪም ጋር ተላምደዋል። ባለፈው ቀጠሮ ሌላ ሐኪም ሲቀበላቸው ምን አሉ መሰላችሁ? «ልጄ የት ሄደች? እሷን ጥሩልኝ።»

ፈጣሪ ለሁለቱም አገሮች ሰላሙን ያውርድልን። የሚያክሙንንም፣ ለማከም የሚማሩትንም እጃቸውን ይባርክልን።